ቀሚሱን ስናስብ እግራችንን አንርሳ

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ስለ እግርና ስለ ጫማ ነው። ነገር ግን ከአገራችን ወጥተን እንጀራችንን የምንበላው በእግራችን ቆመን ነውና፣ እግር ሲታመም ሥራውም፣ ወደ ቤተሰብ የሚላከው ገንዘብም፣ እንቅልፉም አብሮ ይታመማል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ድረስ እንድታነቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

በዓል በደረሰ ቁጥር በአዳራሻችን የምናየው ነገር አለ። ጠዋት ከአውቶቡስና ከታክሲ የሚወርዱት እህቶቻችን በሥራ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ የታጠፈ የሐበሻ ቀሚስ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያቺው ስትወርድ ያየናት ልጅ በጥበብ ቀሚስ፣ በሹሩባና በታኮ ጫማ ተውባ ብቅ ትላለች። ዐይን አይጠግባትም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ጎንበስ ብሎ ከወንበሮቹ ሥር ላየ ሰው ሌላ ነገር ይታየዋል። ጫማዎቹ ሁሉ ወልቀው ተደርድረዋል። ባለቤቶቻቸው እግራቸውን እያሹ ተቀምጠዋል። አንዳንዷ ተረከዟ ላይ የወረቀት መሀረብ ለጥፋለች። ሌላዋ ጓደኛዋን «ያንን ሸበጥሽን ለትንሽ ደቂቃ አውሺኝ» እያለች ትለምናለች።

ሁላችንም እንስቃለን። እኛም ስቀናል። አንዲት እህታችን ከአንድ በዓል በኋላ የደረሰባትን እስክትነግረን ድረስ ማለት ነው። ስሟን ሳንጠቅስ እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች።

የተጫማችው ጫማ የእሷ አልነበረም። እሷ 39 ቁጥር ነው የምታደርገው፤ የተዋሰችው ግን 38 ነበር። «ለአንድ ቀን ነው፣ እችለዋለሁ» አለች። ጭፈራው ሳይጋመስ ተረከዟ ውሃ ቋጠረ። ማታ ወደ አሠሪዎቿ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ፈነዳ። በማግስቱ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ በተቀደደ የላስቲክ ሸበጥ፣ በረኪና በፈሰሰበት ውሃ ውስጥ ቆማ መታጠቢያ ቤት ስታጥብ ዋለች። ረቡዕ ዕለት ተረከዟ ቀልቶ አበጠ። «ማዳም ‹ለጭፈራ ወጥተሽ ነው ይህን ያመጣሽው፣ ሁለተኛ አትወጪም› እንዳትለኝ ብዬ ካልሲ አድርጌ ደበቅሁት» ትላለች። ዓርብ ዕለት ቅዝቃዜና ትኩሳት ጣላት። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ቁስሉ አመርቅዞ ቅላቱ ከቁርጭምጭሚቷ አልፎ ነበር። መድኃኒት ተሰጥቷት ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሕክምናው ወጪ ግን ከደመወዟ ተቆረጠ። በዚያ ወር ለእናቷ የላከችው የወትሮውን ግማሽ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከአንዲት ትንሽ የጫማ ቁስል ይህን ያህል ነገር ይመጣል። ከዚያ ወዲህ በአዳራሹ ወንበር ሥር የተደረደሩትን ጫማዎች ስናይ መሳቅ አልቻልንም።

እግራችን ሳምንቱን ሙሉ ምን ሲሠራ ይሰነብታል?

በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። እነዚህ ትንንሽ አጥንቶች በጅማትና በጡንቻ ተያይዘው ሙሉ ክብደታችንን ይሸከማሉ። አፈር ላይ ስንሄድ መሬቱ በመጠኑ ይቀበለናል። እዚህ ያለው የቤት ወለል ግን ሴራሚክ ወይም እብነ በረድ ስለሆነ ምንም አይለግስም። ከማለዳ ጀምሮ በባዶ እግር ወይም በሳሳ ሸበጥ በእንዲህ ዓይነቱ ወለል ላይ የምትቆም ሴት ማታ ተረከዟና ወገቧ ቢጠዘጥዛት አያስደንቅም።

ሌላው ነገር እብጠት ነው። ብዙ ሰዓት ስንቆም ደምና ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ላይ የሚገፋው የባታችን ጡንቻ ነው፤ እሱም የሚሠራው ስንራመድ እንጂ አንድ ቦታ ስንገተር አይደለም። ምግብ ስናበስልና ስንተኩስ እግራችን የሚያብጠው ለዚህ ነው። ሙቀት ደግሞ ይብስበታል። ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ እሑድ ሲደርስ፣ የደከመውን እግር ጫፉ በቀጠነ ባለ ታኮ ጫማ ውስጥ እንከተዋለን። ታኮው በረዘመ መጠን የሰውነት ክብደት ሁሉ ወደ እግር ጣቶች ሥር ይወርዳል። ሳምንቱን ተረከዛችን ላይ ቆመን፣ የዕረፍት ቀናችንን ደግሞ በጣቶቻችን ላይ እናሳልፋለን ማለት ነው።

ከአበበ ቢቂላ የምንማረው

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መስከረም 10 ቀን 1960፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ አጥቶ አለመሆኑን ነው። ለውድድሩ የቀረበለት አዲስ ጫማ ስላልተመቸው ነበር። በባዶ እግር መሮጥን አስቀድሞ ስለተለማመደ የማይመቸውን ጫማ ትቶ በለመደው ሮጠ። በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ደግሞ የሚመቸውን ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደገና አሸነፈ።

ትምህርቱ በባዶ እግራችሁ ሂዱ አይደለም። ይህ ጀግና በዓለም ፊት በሚታይበት ቀን እንኳ እግሩን ለጫማው ብሎ አላሠቃየም። እኛስ በአዳራሽ ውስጥ፣ ለዚያውም በገዛ እህቶቻችን ፊት፣ ለምን እናሠቃየዋለን?

ጫማ ስንገዛ

ብዙዎቻችን ጫማ የምንገዛው በዕረፍት ቀናችን በጥድፊያ ነው። ቤይሩት ያላችሁ እሑድ እሑድ ዶራና ቡርጅ ሐሙድ ያለውን ግርግር ታውቁታላችሁ። ጥቂት ነገር ብናስተውል ግን ገንዘባችን አይባክንም።

አንደኛ፣ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይገዛ። እግር ጠዋት ካለው መጠን ማታ ይሰፋል። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠብባል።

ሁለተኛ፣ ሁለቱንም እግር ቆመን እንለካ። የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፤ የሚገዛው ለትልቁ እግር ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። የሁሉም ፋብሪካ 38 ቁጥር እኩል ስላልሆነ ቁጥሩን አይተን ብቻ አንግዛ።

ሦስተኛ፣ መውጣት ለማይፈቀድላችሁና በሰው ለምታስገዙ፣ ወረቀት ላይ ቆማችሁ የእግራችሁን ዙሪያ በእርሳስ ሳሉና ቆርጣችሁ ስጡ። የሚገዛላችሁ ሰው ወረቀቱን ጫማው ውስጥ ሲያስገባ ከታጠፈ ጫማው ይጠብባል።

አራተኛ፣ ታኮ የግድ ከሆነ ከ3 ወይም ከ4 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ወፍራም ተረከዝ ያለውና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ይሁን። ቀጭን ታኮ በታጠበ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል።

አምስተኛ፣ «ሲደረግ ይለቃል» የሚለውን የሻጭ ቃል አንመን። ቆዳ በመጠኑ ይለቃል፤ ፕላስቲክና ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን የሚያላላው ጫማውን ሳይሆን የእኛን ቆዳ ነው።

ለበዓሉ ስንዘጋጅ

የሐበሻ ቀሚስ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። እስከ መሬት ይወርዳል። ከሥሩ ያለውን ጫማ ማንም አያይም! ነጭ ሸራ ጫማ ወይም ዝቅ ያለ ለስላሳ ጫማ ብናደርግበት ውበታችን አይቀንስም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በርዝመቱ ነው። ቀሚሱ በታኮ ልክ የተሰፋ ከሆነ በዝቅተኛ ጫማ ሲለበስ እየተረገጠ ይጥላል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ጫፉን በእጅ መርፌ ወደ ውስጥ አጥፈን ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት እንያዘው። በኋላ በቀላሉ ይተረተራል።

ጭፈራ የምታሳዩ እህቶቻችን ደግሞ ጫማችሁን በጭፈራው ዓይነት ምረጡ። እስክስታ ሥራው በትከሻ ስለሆነ እግርን ብዙ አያደክምም። የጉራጌ ጭፈራ ግን ፈጣን የእግር ሥራና ዝላይ አለበት። ለእሱ ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ከእግር የማይወልቅና የሚታሰር ጫማ ያስፈልጋል። በባዶ እግር የምትጨፍሩ ከሆነ ደግሞ መድረኩ አስቀድሞ ይጠረግ፤ መርፌ ቁልፍና የጠርሙስ ስባሪ በበዓል ቀን አይጠፋም።

አዲስ ጫማ ለበዓሉ ዕለት አይመረቅ። ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ማታ ማታ በክፍላችሁ ውስጥ በካልሲ ለሩብ ሰዓት ያህል አድርጉት። የት ላይ እንደሚፈትጋችሁ ታውቃላችሁ። በበዓሉ ዕለት ያንን ቦታ ቀድማችሁ በፕላስተር ሸፍኑት ወይም ቫዝሊን ቀቡት። ውሃ የሚቋጥረው መፋተግ፣ ሙቀትና ላብ ሲገናኙ ነውና ደረቅ ካልሲ ይዞ መቀየርም ይረዳል።

በፌስታላችሁ ውስጥ አራት ነገር አይጥፋ፦ ጥቂት ፕላስተር፣ አንድ ጥንድ ካልሲ፣ ትንሽ ቫዝሊን፣ ወደ ቤት የምትመለሱበት ምቹ ጫማ። ፎቶውን በታኮ ተነስታችሁ ቀሪውን ቀን በምቹ ጫማ ብትውሉ ማንም አይታዘባችሁም።

ውሃ ከቋጠረ

ያልፈነዳውን በመርፌ አትውጉት። የሸፈነው ቆዳ ራሱ ከቆሻሻ ይከላከላል። በፕላስተር ወይም በንጹሕ ጎዝ ሸፍናችሁ ያንን ጫማ አውልቁ። ከፈነዳ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ፤ የተላጠውን ቆዳ ሳትገነጥሉ ሸፍኑት። ሽፋኑ ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ ይቀየር። ቡና፣ የጥርስ ሳሙና ወይም በረኪና ቁስል ላይ አይደረግም። በረኪና ጀርም ይገድላል ብለው የሚያደርጉ እህቶች ስላሉ ነው ይህን የምንጽፈው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ቁስሉንም ያብሳል።

ከበዓል ማግስት፣ በሥራ ቦታ

የሚቻል ከሆነ ሁለት ሸበጥ ይኑራችሁ። አንዱ መታጠቢያ ቤትና በረንዳ ስታጥቡ የምታደርጉት፣ ሶሉ ሸካራና የማያንሸራትት ይሁን። ሌላው ለደረቅ ወለል የሚሆን፣ ወፈር ያለና ተረከዝን የሚደግፍ ይሁን። የረጠበ ሸበጥ ቀኑን ሙሉ ማድረግ በጣቶች መካከል የሚያሳክክ፣ የሚላላጥና የሚሸት የፈንገስ በሽታ ያመጣል። በዚህ የተያዘች እህት እግሯን ታጥባ በጣቶቿ መካከል በደንብ ታድርቅ፣ ፎጣና ካልሲ ከሌላ ሰው ጋር አትጋራ። ክሎትሪማዞል የሚባለው ቅባት ከፋርማሲ ይገኛል። ማሳከኩ ሲተዋት ቶሎ ሳታቆም ፋርማሲስቱ የነገራትን ቀን ያህል ትቀባው።

በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። እግራችሁ ላይ ከፈሰሰ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ አለቅልቁት።

ተረከዝ ሲሰነጠቅ በምላጭ አይከረከምም። ማታ እግርን ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ተረከዙን ቫዝሊን ቀብቶ የጥጥ ካልሲ አድርጎ መተኛት በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ያሳያል። የእግር ጥፍር ጎኑ ሳይጎደጎድ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ አለበለዚያ ወደ ሥጋ ይገባል።

ተቀምጦ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ፣ ሽንኩርት መላጥና ልብስ ማጠፍን የመሰለውን፣ ተቀምጠን እንሥራው። ስንተኩስ አንዱን እግር ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ እያፈራረቅን ብናሳርፍ ወገብም ያርፋል። ከመተኛታችን በፊት ለሩብ ሰዓት ያህል በጀርባችን ተኝተን እግራችንን ትራስ ላይ ከፍ ብናደርገው እብጠቱ ይቀንሳል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተረከዛችሁን እንደ መርፌ የሚወጉት ከሆነ ደግሞ፣ የውሃ ጠርሙስ በረዶ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና በውስጥ እግራችሁ ወዲያና ወዲህ አንከባሉት። ባታችሁንም ግድግዳ ተደግፋችሁ ሳቡት።

ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት ያለበት

ከቁስል ዙሪያ ቅላት ሲሰፋ፣ መግል ሲወጣ ወይም ትኩሳት ሲመጣ አትደብቁ። አንዱ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባቱን ካመመና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ትንፋሽ ካጠረ ለነገ የሚባል አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት ወይም ዐይኗ ከተጭበረበረ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ስኳር በሽታ ያለባት እህት ቁስል ሳይሰማት ሊብስባት ስለሚችል እግሯን በየማታው ትመልከት፣ በባዶ እግሯ አትሂድ፣ የውሃውን ሙቀት በእጇ ወይም በክርኗ ትለካ።

ከአገር ቤት ጀምሮ እግራቸው ያበጠ እህቶችም አሉን። ከደጋማ አካባቢ፣ በተለይ ከቀይ አፈር አገር ለመጡ ሰዎች ይህ በልጅነት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ፣ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። በየቀኑ መታጠብ፣ መቀባት፣ ጫማ ማድረግና እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይረዳዋል። ማንም ሊሸሸግበት አይገባም፤ እኛም እንዲህ ያለችውን እህት ልንሸሻት አይገባም።

ቋንቋው ለማይገባችሁ፣ በዐረብኛ «ሪጅሊ ዋርማ» ማለት እግሬ አብጧል ማለት ነው። «ፊ ጁርህ» ቁስል አለ፣ «ዓንዲ ሱከሪ» ደግሞ ስኳር በሽታ አለብኝ ማለት ነው። እነዚህን ሦስቱን በቃላችሁ ያዙ።

ስለ ዕረፍትም አንድ ነገር እንበል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ቁጥር 189 ስምምነት ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣት ይላል። በሊባኖስ በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውልም ይህንኑ የሳምንት ዕረፍት ጽፏል። በወረቀት የተጻፈው ሁሉ በየቤቱ እንደማይፈጸም እናውቃለን። በራችሁ የሚቆለፍባችሁ፣ በዓልን በኩሽና የምታሳልፉ እህቶቻችን፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተም ነው። አንዲት እህት በአዲስ ዓመት ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ፣ እግሯን ታጥባ፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ በክፍሏ ብቻዋን ጸልያ እንደተኛች በስልክ ነግራናለች። በአዳራሹ ከጨፈርነው ሁሉ የእሷ በዓል አላነሰም።

ጌታችን ከሕማሙ በፊት በነበረችው ማታ ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እናነባለን። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡት ይህን ለማሰብ ነው። አምላክ ጎንበስ ብሎ ያጠበውን እግር እኛ እንዴት እንንቀዋለን? የሌላውን ልጅ እግር ስናጥብ፣ የአሮጊቷን አሠሪያችንን እግር ስናብስ የምንውል ሰዎች ማታ ለራሳችን እግር አሥር ደቂቃ ብንሰጥ እንደ ቅንጦት አይቆጠርብንም።

ለሚቀጥለው በዓል ስትመጡ በአዳራሹ መግቢያ አንድ ካርቶን ታገኛላችሁ። የማታደርጉትን ንጹሕ ምቹ ጫማ እዚያ አስቀምጡ፤ የጠበባት እህት ታነሳለች። ፕላስተርና ጎዝ ደግሞ ከኛ ዘንድ አለ፤ ሳታፍሩ ጠይቁ። በዚያን ቀን ከወንበር ሥር የወለቀ ጫማ ሳይሆን እስከ ማታ የሚጨፍር እግር ለማየት ያብቃን።

ቸሩ እግዚአብሔር መውጣት መግባታችሁን ይባርክ። አሜን።